እርጥቡ ፋንድያ

የዚያን ዓመት ፋሲካ ከዋለ በኋላ የደረሰብንን ለሰው ስተርክ፣ ሰሚው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አያጣም። «ታዲያ ለምን አልተለያያችሁም? አንዳችሁ በዚህ፣ አንዳችሁ በዚያ አትሄዱም ነበር?» ይለኛል። መልስ አለኝ። መልሱ ግን እኔኑ ራሴን አጥግቦኝ አያውቅም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርላችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔም ሆነ አሁን ሥራዬ እርሻ ነው። ከሽንፋ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ሰሊጥና ማሽላ እዘራለሁ። ጥቂት ከብትና ፍየልም አለኝ። አባታችን በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰው ናቸው። ጎረምሳ ሆነው መጥተው፣ ጫካውን መንጥረው፣ እናታችንን እዚሁ አግብተው፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ትርንጎን ወልደው አሳደጉን። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ቆላ ኖረውም አነጋገራቸው የወሎ እንደሆነ ቀረ። እናታችን ካረፈች በኋላ ከእኔና ከባለቤቴ ከዘውዴ ጋር ነበር የሚኖሩት።

ትርንጎ የምትኖረው ገንዳ ውሃ ከተማ ነው። የእንስሳት ጤና ተምራ እዚያው ተቀጠረች። ከብት ታክማለች፣ ትከትባለች፣ በየቀበሌው ትዞራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጠያቂ ናት፤ አባዬ ደግሞ መልስ አጥተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የሚያውቁትን ይነግሯታል፣ የማያውቁትን ፈጥረው ይነግሯታል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀመጡ ሌላ ሰው ጣልቃ መግቢያ አያገኝም ነበር።

አባዬ መርሳት የጀመሩት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋባቸው። ቀጥሎ የበሉትን «አልበላሁም» ማለት አመጡ። ኋላማ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ «በሉ እንግዲህ፣ መሸብኝ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይሉን ጀመር። ዘውዴ፣ «ቤትዎ እኮ ይሄው ነው አባባ» ስትላቸው በትህትና ይስቃሉ፤ እንግዳ ሰው የማይሆን ነገር ሲናገር እንደምንስቀው ዓይነት ሳቅ። ብዙ ጊዜ ተነሥተው ይወጡና ጎረቤት ይመልሳቸዋል። አንድ ሁለቴም ከተማ ድረስ ሄደው የባጃጅ ልጆች አምጥተውልናል። ስለዚህ አጥሩን አጥብቀን መዝጋት፣ ከመካከላችን አንዳችን እሳቸውን መጠበቅ ልማዳችን ሆነ።

በዚያ የፋሲካ ሰሞን ትርንጎ ለበዓሉ መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። አንድ ቀን ማለዳ ዘውዴ ፍየሎቹን ልታልብ ስትወጣ የአጥሩ በር ተከፍቶ አገኘችው። አባዬ አልጋቸው ላይ የሉም። አህያዋም የለችም። ውሃ የምንይዝባት ትንሿ ቢጫ ጀሪካንም የለችም።

ሚያዝያ ነው። የእኛን አገር የመተማን ሚያዝያ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከረፋድ በኋላ ብረት የማይጨበጥበት ወር ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ሣሩ ተቃጥሎ፣ ጅረቱ ሁሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ የፈለግናቸው በከተማው በኩል ነው፤ ከዚህ በፊት የሚሄዱት ወደዚያ ነበርና። የመንደሩ ሰው ወጣ፤ ባጃጆቹን ጠየቅን፤ እስከ ዋናው መንገድ ሄድን። ያያቸው ሰው የለም። በማግስቱ ጠዋት ከብት ጠባቂ ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ። ከብቶቹን በረሃ አሳድሮ መግባቱ ስለነበር መጥፋታቸውን አልሰማም።

«ትናንት ረፋዱ ላይ አይቻቸዋለሁ» አለ። «አህያዋን ይዘው ወደ ፀሐይ መውጫ ሲሄዱ። 'ወዴት ነው አባቴ?' ብላቸው 'ወደ አገሬ' አሉኝ። እኔ እርሻ መሄዳቸው መስሎኝ።»

ትርንጎና እኔ ተያየን። አባዬ ወደ ወሎ ጀምረዋል።

የመንደሩ ወንዶች በየአቅጣጫው ተበትነው ነበር። ስልክ ያለ ኔትወርክ ጌጥ ነው። ለዘውዴ፣ «የተመለሰ ሰው ካለ ተከተሉን» አልናትና አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ትንሽ ዳቦ ይዘን ወጣን። እንደ እውነቱ፣ በዚያ ሰሞን ወደዚያ ጫካ ብቻውን የሚገባ ሰው አልነበረም። ሰው ይታገታል፤ አውሬም አለ። ሁለት ሆነን መግባታችንም ድፍረት ነበር።

እረኛው ያሳየን ቦታ ስንደርስ መሬቱ ጭንጫ ነው፤ ኮቴ አይይዝም። እኔ አፈር ላይ ምልክት ስፈልግ ትርንጎ ቁጢጥ ብላ አንድ ነገር ማየት ጀመረች። የአህያ ፋንድያ ነው። በእንጨት ገለጠችው፤ ቀጥላም በእጇ ሰበረችው።

«የማሽላ አገዳ ነው የበላችው» አለችኝ። «የእኛዋ ናት። የትናንት ነው።»

ከዚያ በኋላ የምንከተለው ፋንድያ ሆነ። ትንሽ እንሄድና ይጠፋብናል፤ ግራና ቀኝ ተከፍለን እንፈልጋለን፤ አንዳችን ስናገኝ እንጠራራለን። የፍየል በጠጥ አለ፣ የላም እበት ደርቆ ኩበት የሆነ አለ፣ የከርከሮ አለ፣ አጥንት በልቶ እንደ ኖራ የነጣ የጅብም አለ። በልጅነቴ ከብት ጠብቄ ያደግሁ ሰው ብሆንም ይህን ሁሉ እግሬ ሥር አድርጌ አስተውዬው አላውቅም ነበር። እሷ ግን ሥራዋ ነው፤ የታመመ ከብት ሲያመጡላት መጀመሪያ የምታየው ከኋላው የሚወጣውን ነው።

እየሄድን ጠየቅኋት። «ለምንድነው ግን ሁሉም ሣር በል ሆኖ ሳለ መልኩ እንዲህ የሚለያየው?»

 ፊቷ ፈካ።

«አባዬን ጠይቄያቸው ነበር እኮ፤ ትንሽ ልጅ ሆኜ» አለች። «ምን አሉኝ መሰለህ? 'ፍየል ስስታም ስለሆነች ቆጥራ ነው የምትሰጠው። ላም ለጋስ ናት፤ ያላትን ባንዴ ዘርግፋ ትሄዳለች። አህያ ደግሞ ጭነት ስለለመደች በእስር በእስር ታራግፋለች።' ኮሌጅ ገብቼ መምህሩ ሲያስተምረን ብቻዬን ሳቅሁ። ከክፍል ልወጣ ነበር።»

«እውነቱስ?»

«ከእሳቸው ብዙም አይርቅም። የፍየል አንጀት መጨረሻው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዟል። የበላችው እዚያ ሲደርስ አንጀቷ ውሃውን መጥጦ መጥጦ ይወስደዋል። የደረቀውን ጨመቅ ጨመቅ እያደረገ ይቆራርጠዋል፤ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የሚሆነው ለዚያ ነው። ስስታምነቷ የውሃ ነው። ላም ብዙ ትጠጣለች፤ እንደ ፍየል አታሟጥጠውም፤ እንደ ሊጥ ዘፍ ይላል። በበጋ ደረቅ አገዳ ብቻ ስትበላ ግን የእሷም ይጠጥራል።»

«አህያስ?»

«አህያ አያመሰኳም። አልላም ያላትን ጭድ የምትፈጨው ትልቁ አንጀቷ ውስጥ ነው፤ ለዚያ ነው ፋንድያው ውስጥ አገዳው ሳይላም የምታየው። ትልቁ አንጀቷ ደግሞ ኪስ ኪስ አለው። በየኪሱ እየተድቦለቦለ ይወጣል።» ትንሽ ተራምዳ ጨመረች። «ውሃ ሲጠማት ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ያላትን ታሟጥጠዋለች እንጂ አትጥልም። የበረሃ ዘር ናት።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ልብ በሉልኝ። ከአንደበቷ የወጣው መንገዱ መንታ ከሚሆንበት ቦታ ከመድረሳችን በፊት ነው። እሷም ተናግራዋለች፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ከአንድ ደረቅ ጅረት ገባን። እዚያ ነው ሁሉ ነገር የሆነው። ጅረቱን ተሻግሮ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚሄድ ጠባብ መንገድ አለ፤ የእጣን ዛፍ ወዳለበት ኮረብታ ነው የሚወጣው። ሌላው ጅረቱን ይዞ ቁልቁል፣ ወደ ሽንፋ ወንዝ ይወርዳል። በሁለቱም ላይ የአህያ ፋንድያ ወድቋል።

ትርንጎ መጀመሪያ የላይኛውን አየችው። ትንንሽ፣ ጠጣር፣ ገርጣ ያለ ነው። አንዱን ሰበረችው፤ እስከ መሃሉ ድረስ ደረቅ ነው። ቀጥላ የታችኛውን አየች። እሱ ለስለስ ያለ፣ አረንጓዴ የቀላቀለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው። በጣቷ ነካችው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ የዛሬ ነው» አለችኝ። «የዛሬ ጠዋት። እርጥብ ነው፤ ቅጠል በልታለች። ውሃ አግኝተዋል ማለት ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው የቆየ ነው፤ ምንም እርጥበት የለውም። ምናልባት ትናንት ወደዚያ ጀምረው ተመልሰው ይሆናል። ምናልባትም የሌላ አህያ ነው።»

እኔም ሄጄ ደረቁን አነሣሁት። እንደ ጠጠር ነው። ስጥለው መሬት ላይ ነጠረ።

«እንለያይ?» አልኳት። «አንቺ በታች፣ እኔ በላይ?»

ጀሪካኑን አየችው። አንድ ነው፤ ግማሹንም ጠጥተነዋል። «ውሃው ማን ጋ ይሄዳል?» አለች። «እኔ ብቻዬን ባገኛቸው ተሸክሜ አላነሣቸውም። አንተ ብቻህን ብትሄድ ደግሞ ፋንድያውን ትስተዋለህ። ለደረቅ ፋንድያ ብለን እርጥቡን ትተን?»

ንግግሯ ልክ ነበር። አሁንም ሳስበው ልክ ነው። አለመለያየታችን አይደለም የሚቆጨኝ። የሚቆጨኝ ያን ጊዜ ውስጤ የተሰማኝ ነገር ነው፤ የታችኛው መንገድ ውሃ አለው፣ የላይኛው የለውም። በታችኛው አባዬ ወንዝ ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ። በላይኛው ምን እንዳለ ማሰብ አልፈለግሁም። ሁለታችንም ፋንድያውን አየን፤ ያነበብነው ግን ልባችንን ነው።

ቁልቁል ወረድን።

ያን መንገድ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ድካማችን ጠፋ። አረንጓዴው ፋንድያ በየቦታው እየተገኘ፣ ባገኘን ቁጥር ልባችን እየሞላ ሄድን። ትርንጎ ወሬዋ ተከፈተ። አባዬ እናታችንን እንዴት እንዳገቧት፣ ሠርጋቸው ዕለት ዝናብ መጥቶ ዳሱ እንዴት እንደወደቀ፣ እኔ አንዴ ፍየል ጠፍታብኝ ከዱላ ለመሸሽ ማሽላ ውስጥ ስደበቅ አባዬ እንዴት «ፍየሏ ተገኝታለች፤ አሁን የጠፋው እረኛው ነው» እያሉ በመንደሩ እንደዞሩ፣ ይህን ሁሉ እያነሣን ሳቅን። ከልጅነታችን ወዲህ ከእህቴ ጋር ያን ያህል አውርተን አናውቅም። እሷ በሥራዋ፣ እኔ በእርሻዬ ተይዘን፣ በበዓል ተገናኝተን «ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ» ብለን የምንለያይ ሰዎች ሆነን ነበር።

«ስናገኛቸው አትቆጣቸው» አለችኝ።

«ለምን እቆጣለሁ?»

«ፊትህ ይቆጣል። አንተ ሳታውቀው።»

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አረንጓዴ ነገር ከሩቅ ታየን። ወንዙ ዳር፣ ውሃው በቀረበት ጉድጓድ አጠገብ፣ አንድ ሰው ባምያና ሽንኩርት ያለማል። ትርንጎ ሮጠች። እኔም ተከተልኋት። ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ አህያ ታስሮ የባምያ ቅጠል ይበላል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ጎረምሳ አህያ ነው። የእኛ አህያ እንስት ናት።

ሰውየው ባልዲውን አስቀምጦ ቆመ። ስሙ አደም ነው፤ ድንበሩን እየተሻገረ አትክልት የሚሸጥ ሰው መሆኑን ኋላ ነው ያወቅነው።

«ሽማግሌ አልመጡም? አህያ የያዙ?» አለችው ትርንጎ።

«ወላሂ፣ ሰው አላየሁም» አለ።

«በጠዋት በጅረቱ በኩል ያለፈውስ?»

«እኔ ነኝ። እንጨት ልለቅም እስከ መገንጠያው ወጥቼ ነበር።»

ትርንጎ ወደ አህያው ሄዳ ቆመች። ከእግሩ ሥር ያን መንገድ ሁሉ ስናየው የነበረው አረንጓዴ፣ ለስላሳ ፋንድያ ወድቋል። እሱን አይታ፣ «ወንድምዓለም፣ የእኛዋ ያኛው ነው፤ ደረቁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

አደም ነገሩን ስንነግረው ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ከባልዲው ጋር አህያው ላይ ጫነና አብሮን ወጣ። እየሳቅን የሄድንበትን መንገድ ሮጥ ሮጥ እያልን ተመለስን። ዳገት ሆኖ ነበርና ከወረድንበት ይልቅ ረዘመብን።

መገንጠያው ስንደርስ ትርንጎ ደረቁ ፋንድያ ላይ ተንበረከከች። አሁን አልሰበረችውም፤ ገልብጣ ሥሩን ነው ያየችው። 

«ምንድነው?» አልኳት።

«ምስጥ የለውም» አለች። «የትናንት ቢሆን ኖሮ ምስጥ ሥሩን አፈር ያለብሰው ነበር። አንድም የለበትም። ይሄ የዛሬ ነው። የደረቀው ፀሐይ መትቶት አይደለም፤ ሲወጣም ደረቅ ነበር። አህያዋ ተጠምታ ነው።»

ገባኝ። አባዬ ትናንት እዚያው ጅረት አካባቢ ሲዞሩ ውለው አድረዋል። ዛሬ ጠዋት፣ ምናልባት እኛ ከቤት በወጣንበት ሰዓት፣ ኮረብታውን ይዘዋል። እኛ ፀሐይ አናት ላይ ሆና እዚያ በቆምንበት ጊዜ ሩቅ አልነበሩም።

መንገዱን ይዘን ወጣን። ደረቁ ፋንድያ እየቆየ እየቆየ ይገኛል፤ እያነሰ፣ እየጠጠረ ነው የሚሄደው።  ለማንበብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም ነበር።

መጀመሪያ ያየናት አህያዋን ነው። ቅጠል የሌለው የእጣን ዛፍ ሥር፣ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ልጓሟ አልታሰረም፤ ግን አልሄደችም። አባዬ ከአጠገቧ ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባዶዋ ቢጫ ጀሪካን ጭናቸው ላይ ናት፤ ጋቢያቸውን አጥፈው ከጎናቸው አስቀምጠዋል፤ እንግዳ ቤት የገባ ሰው እንደሚያደርገው።

በሕይወት ነበሩ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል። ትርንጎ ጨርቅ በውሃ ነክራ ከንፈራቸውን አረጠበችው፤ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣቻቸው። እኔ ደረታቸውን አራስሁ። አደም በሻሹ ያራግብላቸዋል። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና እሷን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

«የእርስዎ ነኝ አባዬ።»

እንደማመን አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ተባረኪ። ለእሷም ስጫት» አሉ፤ አህያዋን ማለታቸው ነው። አደም ለአህያዋ በባልዲ ሰጣት።

የአደም አህያ ላይ አስቀምጠን ደግፈን ይዘናቸው ስንወርድ፣ የእኛን ፈለግ ተከትለው የመጡ የመንደራችን ሰዎች ጅረቱ ላይ አገኙን። በተራ ተሸከምናቸው። ከመንገዱ ላይ ትራክተር አገኘንና ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ግሉኮስ ተሰጣቸው፤ ሁለት ባለሙያዎች ከአጠገባቸው ሳይለዩ አደሩ፤ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። በማግስቱ ቀትር ላይ አባዬ አረፉ። ኩላሊታቸው አልመለስ ብሎ ነው አሉን።

ከሐኪሞቹ አንዱ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ «ስንት ሰዓት ነው ያገኛችኋቸው?» ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። «ትንሽ ቀደም ቢል…» ብሎ ጀመረና የትርንጎን ፊት አይቶ ተወው። «በዕድሜያቸው አስቸጋሪ ነው፤ ምንም ማለት አይቻልም» አለ። እውነቱን ነው፤ ምንም ማለት አይቻልም። ችግሩም ያ ነው። ቀደም ብለን ብንደርስ ይተርፉ እንደነበር የሚነግረን ሰው ቢኖር፣ አልቅሰን እንጨርሰው ነበር። አይተርፉም ነበር የሚለንም ቢኖር እንጽናና ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ትርንጎ ወደ ገንዳ ውሃ ተመለሰች። ለአርባው መጣች፤ ከሰው ጋር ተቀምጣ፣ ከሰው ጋር ተነሥታ ሄደች። አህያዋን ጠየቀችኝና ሰጠኋት። እንደማትጭናት፣ ግቢዋ ውስጥ እየቀለበች እንደምታኖራት ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ስደውል ታነሣለች፤ ስለ ፍየሎቹ እጠይቃታለሁ፣ መድኃኒት ትነግረኛለች። ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አንነጋገርም። እኔ እሷ ራሷን እንደምትከስ አውቃለሁ፤ ባነሣባት የምወቅሳት ይመስላታል ብዬ እተወዋለሁ። እሷ ደግሞ ዝምታዬን ወቀሳ አድርጋ እንደወሰደችው ዘግይቶ ነው የገባኝ። በዚህ ዓይነት ዓመታት ሄዱ። ከአንድ ሞት ሁለት ሰው አጣሁ ማለት ይቻላል።

እኔን የለወጠኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የምመኘው ነገር ምልክት ሲታየኝ እፈራለሁ። ደመና ሳይ፣ ሰሊጥ ዋጋ ይወጣል ሲባል፣ የታመመች ላሜ ቆማ ሳገኛት፣ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው «ይህ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው ወይ የታየኝ?» ብዬ ነው። ጥሩ ልማድ ነው ይሉኛል። ለእርሻ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለኑሮ ግን የሚከብድ ነገር ነው፤ ደስታ ሲመጣ በሩ ላይ አቁሞ እንደ መመርመር ነው። እናንተ ከቤት ወጥቶ የሚጠፋ ወላጅ ቤታችሁ ያላችሁ ብትኖሩ፣ የምመክራችሁ ትልቅ ነገር የለኝም። ብቻ ከጠፉባችሁ፣ መጀመሪያ ልትሄዱበት ወደምትፈሩት አቅጣጫ ሂዱ።

ባለፈው ክረምት ትርንጎ ለክትባት ወደ ቀበሌያችን መጣች። ሥራዋን ስትጨርስ እቤት ገባች። ዝናቡ ስለያዛት እንደ ድሮው ቸኩላ መሄድ አልቻለችም። ዘውዴ ራት ልትሠራ ጓዳ ገባች፤ እኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ፍየሎቹ ዝናቡን ሸሽተው ዳሱ ሥር ሲተራመሱ እናያለን። ምን እንዳደፈረኝ አላውቅም፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ትርንጎ፣ እኔ አንቺን ወቅሼሽ አላውቅም። እኔም እኮ ደረቁን በእጄ ይዤ ነው የጣልሁት።»

ዞራ አላየችኝም። 

«እንደማትወቅሰኝ አውቃለሁ» አለች። «መሳሳቴንም ተቀብዬዋለሁ። ሥራዬ ነው፤ ስሳሳት ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።»

«ምን?»

«ቁልቁል ስንወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሳቸው እዚያ ተቀምጠው… እኔ እየሳቅሁ ነው የሄድሁት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። ልላት የምችለውን ሁሉ አሰብሁ፤ የማጽናኛ ቃል፣ የቄስ ቃል፣ የሐኪሙን ቃል። አንዱም እውነት አልመሰለኝም። እውነት የነበረውን አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ።

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አልኳት።

ትርንጎ ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ዘውዴ ራት ደርሷል ብላ እስክትጠራን ድረስ እዚያው ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አለቀስን።